ፈቲያ፣ ኳሷና የአባቷ በርጫ

ፈቲያ ከጭሮ መሄዷን የነገረኝ የባጃጅ ሾፌር ነው። ጠዋት ሥራ ለመግባት ስጣደፍ፣ ገና አንድ እግሬን ሳስገባ፣ «ጽጌ፣ ሰማሽ? ኳሷ ሄደች እኮ!» አለኝ። ከተማችን ውስጥ ኳሷ ማለት ፈቲያ ናት። «ድሬዳዋ አሰልጣኝ አድርገው ወሰዷት አሉ። ፍራሽና ምንጣፉን ሚኒባስ ላይ አስጭና፣ ሽማግሌውን ጋቢና አስቀምጣ እብስ አለች። ኦቦ አደምን ከበርጫቸው የሚነቅል ሰው ይመጣል ብዬ አስቤም አላውቅ፣ ወላሂ!»

እኔን ያናደደኝ ሌላ ነገር ነው። ከልጅነታችን ጀምሮ ስንት አገር አብረን የዞርን ሰዎች፣ ደህና ሁኚ እንኳ ሳትለኝ! እዚያው ባጃጅ ውስጥ ሆኜ ደወልኩላት።

«አንቺ! እንዲህ ነው እንዴ የሚኬደው?»

«ብሰናበትሽ ታለቅሻለሽ» አለችኝ። «ስታለቅሺ ደግሞ አፍንጫሽ ያብጣል። ለሥራሽ ብዬ ነው።»

ከዚያ ዘጋችው። ፈቲያ ስልክ ላይ ብዙ አትናገርም፤ የዚያን ቀኑ እንዲያውም እንደ ንግግር የሚቆጠር ነው።

ለማያውቃት ሰው ልንገር። ፈቲያ አደም ከጭሮ ወጥታ፣ አዲስ አበባ በአንድ ትልቅ ክለብ ኳስ አከፋፋይ ሆና፣ የአገሪቱን የሴቶች ቅርጫት ኳስ ዋንጫ ደጋግማ ያነሳች፣ አምበል ሆና የጨረሰች ልጅ ናት። ይህን ሁሉ ያደረገችው በምን ቁመት ነው ብትሉኝ፣ እኔ ትከሻ ሥር ነው የምትደርሰው። ቁመቷን ስትጠየቅ መጀመሪያ «ከጫማ ጋር ነው ያለ ጫማ?» ትላለች፤ ከዚያ ከጫማ ጋር ያለውን ትናገርና በላዩ ላይ ትመርቅበታለች። አንድ ጊዜ የክለቡ ሐኪም ሊለካት ሲል ፀጉሯን አናቷ ላይ ከምራ፣ በሻሽ ሸፍና ገባች። ሐኪሙ ሻሹን በመለኪያው እንጨት ጫን ጫን ቢያደርገው እንደ ትራስ ስምጥ አለ። «ፀጉሩም እኮ የኔ ነው፣ ዶክተር» አለችው።

እኔ ደግሞ ረጅም ነኝ። ቅርጫት ኳስ ውስጥ የገባሁት በዚሁ ወንጀል ነው እንጂ በችሎታ አይደለም። ሁለተኛ ደረጃ ሳለን ከጎጃም ተመድቦ የመጣ ጋሽ ታደለ የሚባል የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበረን። የሴቶች ቡድን አቋቁም ተብሎ ታዘዘና በየክፍሉ እየገባ «ረጃጅሞች ቁሙ!» ማለት ጀመረ። እኛ ክፍል ሲገባ እኔ ቆምኩ፤ ሌሎች ሁለት ልጆችም ቆሙ፤ ከፊት ወንበር ፈቲያም ቆመች። ጋሽ ታደለ መነጽሩን አስተካክሎ አያትና፣ «አንቺስ ምን ልሁን ብለሽ ነው?» አላት።

«ረጃጅሞቹ የጣሉትን ማን ያነሳዋል?» አለችው።

በቃ፣ ገባች። ያን ጊዜ የነበረን ሜዳ፣ ሜዳ ከተባለ፣ ወደ አስፋልቱ ያጋደለ፣ የተሰነጣጠቀ ሲሚንቶ ነው። ኳስ ካመለጠች ቁልቁል ተንከባላ፣ መንገዱን አቋርጣ፣ የጫት መኪና ሥር ነው የምትገኘው። ሕጋችን «ያመለጠው ያምጣ» የሚል ስለነበር እኔ ከቅርጫት ኳስ ተጫዋችነት ይልቅ ሯጭ ሆኜ ቀረሁ። እንግዳ ቡድን ሲመጣ ግን ሜዳችን ባለውለታችን ነበር። ከቦርደዴ የመጡ ልጆች ኳሱ ለምን ወደ አንድ ወገን ብቻ እንደሚሸሽ እስኪገባቸው ድረስ ጨዋታው ያልቅ ነበር።

ደጋፊያችንም የራሱ ዓይነት ነው። ጨዋታ የሚደረገው ከሰዓት በኋላ ስለሆነ የጭሮ ሰው ቅሞ፣ መርቅኖ ነው የሚመጣው። የመረቀነ ሰው ደግሞ አይጮህም። ዝም ብሎ ያያል፤ ያሰላስላል። እንደ እብድ ሮጠን ነጥብ አስቆጥረን ዞር ስንል ሜዳው ጭር ብሎ፣ ከዳር አንድ ሰውዬ በዝግታ «ይሄ ነገር ግን ታስቦበታል» ይላል። ጭብጨባችን ያቺ ቃል ነበረች።

ፈቲያ ራሷ ሜዳ ላይ ድምፅ የላትም። ጋሽ ታደለ ከዳር ሆኖ «ተናገሪ እንጂ! አከፋፋይ አፍ ያስፈልገዋል!» እያለ ጉሮሮው ይደርቃል፤ እሷ እቴ! አንድ ቀን መልስ ሰጠችው፦ «የሚሰማኝ የኛ ሰው ብቻ ቢሆን እናገር ነበር።» ሥራዋ ሁሉ በዓይንና በእጅ ነው። ዓይኗ አንዱ ጋ፣ ኳሱ ሌላው ጋ። እኔን አፍጥጣ እያየችኝ ኳሱ ከኋላዬ ያለችው ልጅ እጅ ውስጥ ይገኛል፤ ሌላ ሰው እያየች ደግሞ እኔን አፍንጫዬን ትመታኛለች። «ለምን አታዪኝም?» ስላት፣ «ዓይን ለባላጋራ ነው፤ እጅ ለወዳጅ» ትለኛለች። እኔ አፍንጫዬን ይዤ፣ ወዳጅነቷ እንደ ጠላትነቷ ያማል እላለሁ።

ይህን ጥበብ ጫት ተራ ነው የተማረችው። አባቷ ኦቦ አደም የጫት ደላላ ናቸው። እናቷ ገና እሷ ሕፃን ሳለች ስለሞተች፣ ትምህርት በሌላት ሰዓት ቤት የሚጠብቃት ሰው ስላልነበረ ተራ ይዘዋት ይውሉ ነበር። የሚጫን ጫት ሲኖር እሷ ከታች ሆና እስሩን ትወረውራለች፤ መኪናው ላይ የቆመው ጫኝ ይቀልባል። መኪና ይቸኩላል፤ ጫት ከጠወለገ ማን ይገዛል? ገዢ ደግሞ ከጎን ሆኖ ይጨቃጨቃል። ስለዚህ ዓይኗ ገዢውን እየተከራከረ እጇ ወደ ላይ ይወረውራል። አንዲት እስር መሬት ስትወድቅ አይቼ አላውቅም።

እንግዲህ ፈቲያ ከኳስ ያገኘችው ብዙ ነው፤ ያላገኘችው ግን አንድ ነገር ነበር። አባቷ ስትጫወት አይተዋት አያውቁም።

ኦቦ አደም ክፉ ሰው ሆነው አይደለም። እንዲያውም ከሳቸው የበለጠ ጨዋታ አዋቂ ተራው ውስጥ የለም። ችግሩ በርጫቸው ነው። ጠዋት ተራ ይውላሉ፤ ምሳ ይበላል፤ ይሰገዳል፤ ከዚያ ቤታቸው ምንጣፍ ተነጥፎ አብሯቸው የሚቅመው ጀማ ይሰበሰባል። እዚያ ትራስ ላይ ክርናቸውን ካሳረፉ በኋላ «ከዚህ የሚያስነሳኝ ሁለት ነገር ነው፤ ሶላትና ሞት» ይላሉ። ጨዋታ ሁሉ ደግሞ በዚያው ሰዓት ነው።

ሚኤሶ የተጫወትንበትን ቀን መቼም አልረሳውም። ሙቀቱ ጫማችንን ከሲሚንቶው ጋር ያጣብቀዋል። የአንድ ሰው ፍየሎች ቅርጫቱ ሥር ጥላ ይዘው ተኝተው አንነሳም ብለው፣ ዳኛው ፊሽካ ሲነፋባቸው እንደ መናቅ አድርገው አዩት። ፈቲያ ፍየሎቹን እየዞረች ነጥብ አስቆጥራ የዞኑን ዋንጫ ወሰድን። መኪና ላይ እንደተሳፈርን ሁላችንም ስንዘፍን እሷ ዋንጫውን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ እንዳይጫር በሻሿ ጫፍ እየጠረገች መጣች። ለማን እንደሆነ እናውቃለን። ቤት ስንደርስ ኦቦ አደም በርጫ ላይ ናቸው። ዋንጫውን ተቀበሉ፣ በእጃቸው መዘን መዘን አደረጉና «ማሻአላህ፣ ይከብዳል!» አሉ። በሳምንቱ ስሄድ ውሃ ተሞልቶበት ከጫቱ አጠገብ ተቀምጧል።

«ዋንጫውን ማሰሮ አደረጉት እኮ!» አልኳት።

«ይጠጡበት» አለች። «ቆሞ ከሚውል።» ሳቀች፤ ግን የፈቲያን ሳቅ አውቀዋለሁና ያ ሳቅ ሙሉ አልነበረም።

አዲስ አበባ ክለብ ሲጠራት ሂጂ ያሏትም እሳቸው ናቸው። ዘመዱ ሁሉ ሴት ልጅ ብቻዋን እንዴት ብሎ ሲንጫጫ፣ ኦቦ አደም ጉንጫቸው ሙሉ ሆኖ ሲሰሙ ቆዩና፣ «ጫት እዚህ ይበቅላል እንጂ ዋጋው ያለው ሌላ አገር ነው። ትሂድ» ብለው ጨረሱት። ሄደች። ረጅም ሱሪዋን ለብሳ፣ ሻሿን ጠበቅ አድርጋ፣ ጉልበታቸው ጋ እንኳ የማትደርስ መስሏቸው የሚንቋትን ግዙፋን ሴቶች እያሽከረከረች ስም አወጣች። እኛ ጋዜጣ ላይ ፎቶዋ ሲወጣ ቆርጠን ሱቅ ላይ እንለጥፋለን። ፎቶ ላይ ሁልጊዜ ከፊት ቆማ ተረከዟን አንስታለች፤ ማንም ሰው ልብ አይልም ብላ።

አንድ ዓመት የዋንጫው ጨዋታ በቴሌቪዥን ተላለፈ። ጭሮ ሆቴሉም ሻይ ቤቱም ሞላ። እኔ ኦቦ አደም ቤት ሄጄ፣ «አባባ፣ ይነሱ፣ ፈቲያን እንይ! ቤትዎ ያለውን ቴሌቪዥን እንኳ ልክፈተው?» አልኩ። «በርጫ ላይ ቴሌቪዥን አይከፈትም፣ ልጄ» አሉኝ። «ቀልብ ይበትናል።» አጠገባቸው የተቀመጡት ኦቦ ዩሱፍ፣ ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኛና የዕድሜ ልክ ጓደኛቸው፣ አቀርቅረው ቅጠል መልቀም ያዙ። ተናድጄ ወጣሁ። አሸነፈች። ዋንጫውን ካነሳች በኋላ ወዲያው ደወለችልኝና «ስልኩን ለአባ ስጪልኝ» አለች። ተመልሼ ሰጠኋቸው።

«አባ፣ አየኸኝ?»

«በርጫ ላይ ነበርኩ። ግን ከተማው ሲንጫጫ ሰማሁ። አልሐምዱሊላህ፣ ልጄ።»

ስልኩን ስቀበል እዚያው መስመር ላይ ነበረች። «ስንት ሺህ ሰው አየኝ፣ ጽጌ» አለችኝ። «እሱ ግን አላየኝም።» እመቤቴን፣ በዚያች ሰዓት ጫቱን ከነዋንጫው አንስቼ መንገድ ላይ ብደፋው ደስታዬ ነበር። ከተማውም የራሱን ትርጉም ሰጠው። «ሴት ልጅ ኳስ መጫወቷን አልወደዱትም፤ ሊሏት ፈርተው ነው» ተባለ። እሷም ይህን ሳትሰማ አልቀረችም።

ከዓመታት በኋላ ጉልበቷ እምቢ አለና ጠቅልላ ጭሮ መጣች። የአባቷ ቤት በጀማው ስለሚሞላ መጀመሪያ እኔ ጋ አረፈች፤ እሳቸውን የምትጠይቃቸው እንደ ድሮው በርጫ ላይ፣ ከትራሳቸው ሳይነሱ ነበር። በመጣች በሳምንቷ እኔ ቤት ተቀምጣ፣ እግሯን በርጩማ ላይ ሰቅላ፣ «አንድ ጨዋታ ቀርቶኛል» አለችኝ።

«በዚህ ጉልበት?»

«ዋንጫ አይደለም የምፈልገው። አባ አንድ ቀን ሜዳ ዳር ተቀምጦ ይየኝ። ከዚያ ኳስ በቃኝ።»

«በርጫውን ትተው አይመጡማ!»

«እንግዲያው በርጫው ይምጣ» አለች።

የቀለደች መስሎኝ ነበር። በማግስቱ ኦቦ ዩሱፍ ዘንድ ሄዳ አማልዱኝ አለች። ኦቦ ዩሱፍ መጀመሪያ «አይሆንም፣ አይሆንም» ብለው ነበር፤ ያን ጊዜ ለምን እንዲህ እንደተጨነቁ አልገባንም። ፈቲያ ግን ከተያያዘች አትለቅም። ሁለት ቀን ሙሉ ቤታቸው በር ላይ ቁጭ አለች። በመጨረሻ «እሺ፣ እኔ አመጣዋለሁ። ከጎኑ የምቀመጠው ግን እኔ ነኝ» አሉ።

በጨዋታው ዕለት ሜዳው ዳር ካለው ግራር ሥር፣ ከመስመሩ ጥግ፣ ምንጣፍ ተነጠፈ። ትራስ ተደረደረ። ፔርሙስ ሻይ፣ ለውዝ፣ ቀዝቃዛ ውሃ፣ እሷ ራሷ ማለዳ ተራ ወርዳ የመረጠችው ለምለም ጫት። አንድ የስፖርት ባለሙያ መጥቶ «ሜዳ ላይ መቃም ክልክል ነው» ቢላት፣ «ሜዳ ላይ አይደለም፤ ከመስመር ውጪ ነው» አለችው። ሰውዬው ጎንበስ ብሎ መስመሩን አየ። እውነቷን ነው። ትንሽ ቆይቶ እሱም ከምንጣፉ ጫፍ ቁጭ ብሎ አየሁት።

ከዚያ ጀማው መጣ። ኦቦ አደምና ኦቦ ዩሱፍ እንደ ሁልጊዜው እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ እያወጉ። ፈቲያ አባቷን ስታይ ፊቷ እንዴት እንደበራ! አምበል ሆና ዋንጫ ስታነሳ እንኳ በቴሌቪዥን እንዲህ አላየኋትም።

ተጋጣሚዎቻችን ከሚኤሶ የመጡ ወጣቶች ናቸው፤ ሐዋ የምትባል፣ እንደ ዝግባ የተመዘዘች ልጅ አምበላቸው ናት። እኛ ደግሞ የጥንቱ ቡድን። አንዷ ሕፃኗን ለአማቷ ሰጥታ ነው የገባችው፤ ሌላዋ ገና ሳንጀምር ጎኔን ብላለች። እኔን ተዉኝ። ግን ፈቲያ ነበረች። በአንድ ጉልበቷ እያነከሰች እነዚያን ልጆች ታዞራቸዋለች። ዓይኗ ወደዚህ፣ ኳሱ ወደዚያ። ሐዋ ሁለት ጊዜ ባዶ አየር ስታቅፍ ከጀማው አንዱ «ታስቦበታል!» አለ። እኩል ለእኩል እየሄድን ነው።

ልናርፍ ጥቂት ሲቀር ፈቲያ ምንጣፉ አጠገብ ደረሰችና የልጅነት ነገር መጣባት። ኳሱን ቀስ አድርጋ፣ አንዴ አንጥራ፣ ወደ አባቷ ሰደደችው። ድሮ ጫት ተራ እንዲህ ይቀባበሉ ነበር። ኳሱ ለሕፃን እንደሚወረወር በዝግታ ሄደ። ጀማው ሁሉ ሊቀልብ እጁን ዘረጋ። ኦቦ አደም ብቻ ወደ ወዲያኛው ቅርጫት ፈገግ እንዳሉ ተቀምጠዋል። ኳሱ ደረታቸውን መታቸው፤ ሻዩ ተደፋ።

«ማነው?» አሉ።

ፈቲያ ፊታቸው ቆማለች። እጃቸውን ቢዘረጉ ይነኳታል። እኔ ኳሱን ላመጣ ደርሼ ጎኗ ቆሜያለሁ። «እኔ ነኝ፣ አባ» አለች በቀጭን ድምፅ።

«ታዲያ ምን ቆምሽ? ተጫወቺ እንጂ! እያየሁሽ ነው» አሏት፤ እኔን እያዩ።

በሕይወታችን ሙሉ እኔንና ፈቲያን ያምታታ ሰው ኖሮ አያውቅም። እጇን ቀስ ብላ አነሳችና ፊታቸው ላይ ወዲያ ወዲህ አደረገችው። ዓይናቸው አልተንቀሳቀሰም። ዳኛው የእረፍቱን ፊሽካ ነፋ።

ኦቦ ዩሱፍን ከግራሩ ጀርባ ወሰደቻቸው፤ እኔም ተከተልኩ። ሽማግሌው መሬት መሬት እያዩ ተናገሩ። «ድሮ ድሮ እውነትም ስንፍና ነበር፤ በርጫ ይወዳል፣ ምን ልዋሽሽ። አዲስ አበባ ከሄድሽ በኋላ ግን ዓይኑ ጠፋ። ሐረር ወሰድኩት። የዓይን ግፊት ነው፣ የጠፋው አይመለስም አሉን። ምያለሁ፣ አልናገርም ብዬ።»

«ለምን?» አለች። «ለምን አትናገር አለህ?»

«ከሰማች ኳሷን ትታ ትመጣለች፤ እኔን ስትመራ ትኖራለች አለ። ጫቱን በጣቱና በአፍንጫው ይለየዋል፤ መንገዱን እኔ እይዘዋለሁ። ሁለት ሽማግሌ እጅ ለእጅ ተያይዞ ቢሄድ እዚህ አገር ማን ልብ ይላል?»

እውነት ነው፤ ማንም ልብ አላለም። ጫት ተራው ሙሉ፣ መስጊዱ ሙሉ፣ እኔ በየቀኑ በበራቸው የማልፈው። ሁላችንም ወዳጅነታቸውን እያደነቅን ስናልፍ ኖረናል። ፈቲያ ታለቅሳለች ብዬ ጠበቅኩ፤ ያለቀስኩት ግን እኔ ነኝ። እሷ ሻሿን ፈታ እንደገና ጠበቅ አድርጋ አሰረች። የኛን ልጆች ሰብስባ፣ «ሁለተኛውን አጋማሽ እናገራለሁ። አትደንግጡ» አለቻቸው።

ጨዋታው ተጀመረ። ያቺ በሜዳ ላይ ድምፅ የላትም የምትባል ልጅ እንዲህ ያለ ጉሮሮ የት ደብቃው እንደኖረች እንጃ!

«አባ! ኳሱ እኔ ጋ ነው! እያነጠርኩ ነው! ወደ ሚርጋ እየሄድኩ ነው፣ ወደ ቀኝ! አንዷን አለፍኳት! አሁን ለጽጌ ልሰጣት ነው!»

ይህን ስትል የሚኤሶ ልጆች በሙሉ እኔ ላይ ተከመሩ። አማርኛውንም ኦሮምኛውንም ከኛ እኩል ይሰማሉ፤ ምን ይደበቃቸዋል? «ነጠቁን፣ አባ! ጽጌ ነች ያስነጠቀችን፣ እንደ ልማዷ!» ጀማው ሳቀ። ኦቦ አደም ሲስቁ ትራሱን በጥፊ መቱ። ትራሳቸውን ትተው በጉልበታቸው ተንበርክከው፣ አንገታቸውን ወደ ድምፅዋ እያዞሩ ይከተሏታል። ወዴት እንደምትሄድ ተናግራ ትሄዳለች፤ እዚያው ትጠብቃታለች ሐዋ። ለማን እንደምትሰጥ ተናግራ ትሰጣለች፤ እዚያው ይነጥቋታል። እንደዚያ የተሸነፈ ቡድን ጭሮ አይታ አታውቅም። ልዩነቱ ሰፋ፤ ጨርሶ የማይደረስበት ሆነ።

አንድ ጊዜ ከሩቅ ወረወረች። ኳሱ ብረቱን መትቶ ወጣ። ፈቲያ አንዴ ወደ አባቷ አየች። «ገባ!» ብላ ጮኸች። «ሦስት ነጥብ ነው፣ አባ!»

የመረቀነ ሰው ነገር ለመረዳት ጊዜ ይወስዳል፤ ከገባው ግን በደንብ ነው የሚገባው። ከምንጣፉ ላይ ኦቦ ዩሱፍ ተነስተው ማጨብጨብ ጀመሩ። ከዚያ ያ የስፖርት ባለሙያ። ከዚያ ከአጥሩ ሥር ያሉት፣ ከዚያ የባጃጅ ሾፌሮቹ በጡሩምባ። ያ ነጥብ ሲገባ የማያጨበጭብ የጭሮ ደጋፊ፣ ላልገባ ኳስ እልል አለ!

ሐዋ ወደ እኔ ተጠግታ፣ «ምን ሆናችኋል? አልገባም እኮ!» አለችኝ። በጆሮዋ ነገርኳት። ልጅቷ ምንጣፉን አየች፤ ኦቦ አደምን አየች። ከዚያ በኋላ የኛ ኳስ ሲስት እጇን ጭንቅላቷ ላይ ጭና «ወይኔ! ደግሞ አገባችብን!» እያለች ከሁላችንም በላይ ትጮህ ጀመር።

የመጨረሻው ፊሽካ ሲነፋ ፈቲያ እያነከሰች ሄዳ ምንጣፉ ላይ፣ አባቷ አጠገብ ዘጭ አለች። ላብ በላብ ሆናለች። ኦቦ አደም ክንዷን ያዙ።

«አሸነፋችሁ?»

«አሸነፍን፣ አባ።»

«አየሁ፣ አየሁ!» አሉ። እንባቸው ጉንጫቸው ላይ ይወርዳል፤ ሊጠርጉትም አልሞከሩ። ከጀማው አንዱ አፉን ሊከፍት ሲል ኦቦ ዩሱፍ ቅጠል አጎረሱት።

የሚኤሶ ልጆች ተሰልፈው ሊጨብጧቸው መጡ። ኦቦ አደም የሐዋን እጅ እንደያዙ፣ እንደ ትልቅ ሰው አጽናኗት። «አይክፋሽ፣ ልጄ። እናንተም ጥሩ ተጫውታችኋል፤ ድምፃችሁን እሰማ ነበር። ግን የኔን ልጅ ማን ይችላታል?»

ሐዋ ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ነካች። «ልክ ነዎት፣ አባባ» አለቻቸው። «አልቻልናትም።»